«ኤም 3» ሦስተኛ ደረጃ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ26 ዓመት ወንድሜ እዚህ ጅማ ቡና ይነግዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድዱ ሲደማ፣ ምንም ሳይመታው ገላው በልዞ ሲታይ ቆየ። ከዳሌ አጥንቱ መቅኒ ተወስዶ ሲመረመር «የደም ካንሰር ነው፤ ኤ ኤም ኤል፣ ኤም 3 ይመስላል» አሉን። ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል ማለት ነው? እናታችን ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀመሰችም።
እህቱ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድመው ለእናትዎ ይንገሩልኝ፤ ኤም 3 የኤ ኤም ኤል፣ ማለትም ከመቅኒ ተነስቶ በፍጥነት የሚባባሰው የደም ካንሰር፣ አንዱ ዓይነት ነው እንጂ ደረጃ አይደለም። የጡት ካንሰር ምን ያህል እንደተስፋፋ ታይቶ በደረጃ ይቆጠራል። ይህኛው ግን ሲጀምርም መቅኒና ደም ውስጥ ስለሆነ እንደዚያ አይቆጠርም። ቁጥሩ የመጣው በ1976 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሐኪሞች ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ አይተው በመልካቸው ሲለዩዋቸው ነው። ለምሳሌ ኤም 5 ድድ የሚያሳብጠው ዓይነት ነው፤ ኤም 6 ከቀይ የደም ሴል ወገን ነው። ቁጥሩ ስለጨመረ በሽታው አይከፋም። ዛሬ ደግሞ ከመልክ ይልቅ የዘረመል ለውጡ ይበልጥ ይታያል፤ በኤም 3 የ15ኛውና የ17ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ።

ኤም 3ን ለይቶ ማወቅ ከሁሉም የሚያስቸኩለን ደሙን የመርጋት አቅም ስለሚያሳጣው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገድለው መድማቱ ነው። ስለዚህ የዘረመል ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ጥርጣሬው ብቻ ትሬቲኖይን የተባለውን እንክብል ለማስጀመር ይበቃል። መድኃኒቱ እድገታቸው የቆመ ሴሎችን ወደ ብስለት ያደርሳል፤ ከአርሴኒክ ትሪኦክሳይድ ወይም ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለፉ ሕሙማን አብዛኞቹ ይድናሉ። ይህን ስል ላጽናናዎት ብዬ አይደለም፤ ከኤ ኤም ኤል ዓይነቶች ሁሉ ተስፋው የሚበልጠው ይኸኛው ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪሙን «ትሬቲኖይን ተጀምሯል?» ብለው ይጠይቁ። ካልተጀመረና ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚላክ ከሆነ፣ እባክዎ አንድም ቀን አይደር። ከፋርማሲ የሚገዛ ቫይታሚን ኤ አይተካውም። ዋግምት፣ ጥርስ ማስነቀል፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ፣ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አይንኩት። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም መቃዠት ከመጣ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጥሩ። ደምና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ደጋግሞ ያስፈልገዋልና፣ ለመለገስ የሚችሉ ዘመዶችንና የገበያ ጓደኞቹን ከወዲሁ ያሰባስቡ።