መልስ፦ ከፓርኪንጉ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን እየበላው ነው
ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ተዳፋት ዝናብ በጣለ ቁጥር እየተቦረቦረ ስለሆነ የድጋፍ ግንብ ልሥራ ወይ ነው ያልከው። ግንቡን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ እየዘነበ ጃንጥላ ይዘህ ውጣና ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚሰበሰብ እይ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ ስለዚህ 1,000 ካሬ ጣሪያና አስፋልት ላይ 20 ሚሊሜትር ሲጥል 20,000 ሊትር ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። ያ ሁሉ በአንድ ቱቦ ባዶ አፈር ላይ ከተደፋ ምን ትጠብቃለህ?

ውሃውን ከላይ አረጋጋው። የቱቦው አፍ ሥር ጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር ጨርቅ፣ አንጥፈህ ትልልቅ ድንጋይ ደርድርበት (ጨርቁን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያ አፈሩ ከሥር ታጥቦ ድንጋዩ ይሰምጣል)። ከፓርኪንጉ ጠርዝ ሰፋ ያለ፣ ሣር የለበሰ ቦይ አውጣ። ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳታዞረው ብቻ፣ ክስ ነው የሚያመጣብህ። ተዳፋቱ ላይ እንደ ቬቲቨር ያለ ሥሩ የሚጠልቅ ሣር አግድም በመስመር ትከል፤ እስኪይዝ በጭድ ሸፍነው። ከዚህ በኋላም ግንብ የግድ ከሆነ ከጀርባው ጠጠርና የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ አለበለዚያ የታቆረው ውሃ ገፍቶ ይጥለዋል።