ከሃይበርኔት ለመንቃት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ የምኖር መምህር ነኝ። መብራት ድንገት ስለሚጠፋና የላፕቶፔ ባትሪም ከሃያ ደቂቃ በላይ ስለማይቆይ፣ የጀመርኩት የፈተና ወረቀት እንዳይጠፋብኝ ማታ ማታ የምዘጋው ሃይበርኔት አድርጌ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ጠዋት ስከፍተው እስኪነቃ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በውርጭ ጊዜ ደግሞ ይብስበታል። ይፈጥናል ብዬ ራሙን (በሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዘውን ማኅደር) ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ባሳድገውም ለውጥ አላየሁም፤ እንዲያውም የዘገየ ይመስለኛል። አንድ ጠጋኝ «ዊንዶውሱ እንደገና ይጫን» ብሎኛል። ላፕቶፑ ባለ ሃርድ ዲስክ ሲሆን የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ዊንዶውሱን ለማስጫን አይቸኩሉ። ሃይበርኔት ሲደረግ ኮምፒውተሩ ራም ላይ ያለውን ሁሉ ጨምቆ ሲ ድራይቭ ውስጥ በተደበቀ አንድ ትልቅ ፋይል ላይ ይጽፍና ይጠፋል፤ ሲከፈት ደግሞ ያንኑ ፋይል አንብቦ ወደ ራም ይመልሳል። ስለዚህ የመንቂያው ጊዜ በአመዛኙ የሚወሰነው በሚነበበው መጠንና በዲስኩ ፍጥነት ነው። የሚነበበው 3 ጊጋባይት ቢሆን፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ ጤነኛ ሃርድ ዲስክ በግማሽ ደቂቃ፣ 500 ሜጋባይት የሚያነብ ኤስ ኤስ ዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ደግሞ በስድስት ሰከንድ ይጨርሰዋል። አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ዲስኩ በሰከንድ ወደ 10 ሜጋባይት ሲወርድ ነውና፣ የእኛ ጥርጣሬ ያረፈው ዊንዶውሱ ላይ ሳይሆን ዲስኩ ላይ ነው።

የራሙ ነገር ብዙዎችን ያስገርማል። ራም መጨመር ሥራን ያቀላጥፋል፤ ነገር ግን ቦታው ሲሰፋ ብዙ ፕሮግራምና ብዙ የብራውዘር ገጽ ተከፍቶ ስለሚተው፣ ማታ የሚጻፈውም ጠዋት የሚነበበውም አብሮ ያድጋል።

ጥርጣሬውን በቤትዎ ማጣራት ይችላሉ። መጀመሪያ ላፕቶፑን ሪስታርት ያድርጉት። ሻት ዳውን አይበቃም፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሻት ዳውን ሲደረግ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር ካልጠፋ በቀር፣ የሲስተሙ እምብርት በከፊል ሃይበርኔት ሆኖ ይቆያል፤ ብዙ ሰው «አጥፍቼ አበራሁት» የሚለው ላፕቶፕ በእርግጥ አልታደሰም። ከሪስታርቱ በኋላ ምንም ሳይከፍቱ ሃይበርኔት ያድርጉትና መልሰው ሲያበሩት በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። ቀጥሎ የዘወትር ሥራዎን ሁሉ ከፍተው ይድገሙት። የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም ከሆነ ጭነቱ በዝቷልና ከመዝጋትዎ በፊት ብራውዘሩን መዝጋት ብቻውን ብዙ ይረዳል። ሁለቱም ረጅም ከሆኑ ላፕቶፑ ነቅቶ ሲንቀራፈፍ ታስክ ማናጀርን (ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ይክፈቱና ዲስክ የሚለውን ይመልከቱ፦ 100 በመቶ ተይዣለሁ እያለ በሰከንድ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚያነብ ከሆነ ዲስኩ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ሙከራውን ትተው የፈተና ወረቀቶችዎን በዚያው ቀን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።

የውርጩ አስተያየትዎ መሠረት የሌለው አይደለም። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ሳህኑ ሲሽከረከር አንባቢው ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ነው። ለዚህም ነው የብዙ ሃርድ ዲስኮች መግለጫ መሥሪያ ከፍታውን 3,048 ሜትር ላይ፣ ዝቅተኛውን ሙቀት ደግሞ 0 ወይም 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚያቆመው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የእርስዎ ዲስክ የሚሠራው በተፈቀደለት ጠርዝ ላይ ነው፤ ብቸኛው ጥፋተኛ ከፍታው ነው ባንልም፣ ያረጀ ዲስክ በብርድ ጠዋት መለገሙ አያስደንቅም። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ላፕቶፕ ከመከፈቱ በፊት በቤቱ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ምድጃ አጠገብ ግን አይደለም፤ ድንገተኛ ሙቀት ውስጡ ጤዛ ያስይዘዋል።

ዲስኩ ደካማ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስ ኤስ ዲ መግጠም ነው። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው የአየር ትራስ አያስፈልገውም። ጠጋኙ ዊንዶውሱን ከነፋይሎችዎ ወደ አዲሱ ክሎን እንዲያደርግልዎ (እንዳለ እንዲገለብጥልዎ) ይጠይቁት፤ በደከመው ዲስክ ላይ እንደገና መጫን ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ሲ ድራይቭ ላይ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፤ የቺፕሴትና የግራፊክስ ድራይቨሮቹንም (ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ክፍሎች ጋር የሚያግባቡትን ፕሮግራሞች) ከአምራቹ አውርደው ያድሱ።

ሃይበርኔትን ግን አይተዉት። ስሊፕ ፈጣን ቢሆንም ሥራውን የሚያቆየው ራም ላይ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ የእርስዎ ባትሪ ሲያልቅ ያላስቀመጡት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ክሎን የተደረገውን አሮጌ ሃርድ ዲስክም ወዲያው አይደምስሱት፤ አዲሱን ጥቂት ሳምንታት ሠርተውበት ሁሉም ፋይል በትክክል መከፈቱን እስኪያዩ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት።