ደንቡ የወጣው መቼ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ (ቀናቱም ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ ከሥራ በኋላ በምንሰበሰብበት ቡና ቤት አንድ ክርክር ከተነሣ ሳምንታት አልፈዋል፤ እስካሁንም አልተቋጨም። ወንድሙ ኒው ዮርክ የሚኖር አንድ ጓደኛችን፣ በ2016 የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩውን ሲመርጥ በርኒ ሳንደርስን ያሸነፋቸው የፓርቲው ደንብ እንጂ ሂላሪ ክሊንተን አይደሉም ይላል። እኔ ደግሞ ደንቡን አውቆ የገባ ሰው በደንቡ ሊዳኝ ይገባዋል ባይ ነኝ። ማንኛችን እንረታለን? ለመሆኑስ በአንድ ክፍለ ግዛት ብዙ ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ እንዴት ጥቂት ልዑካን ይዞ ይወጣል?
የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከጎንደር

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ለእውነቱ የሚቀርቡት እርስዎ ነዎት፤ ይሁንና ጓደኛዎም ያለ ምክንያት አልተነሡም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ፓርቲ አንዲት ቃል አይናገርም። የቅድመ ምርጫውን፣ ማለትም የፓርቲ ዕጩ የሚለይበትን ምርጫ፣ ድምፅ መስጫ በአብዛኛው የሚያዘጋጀው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ቢሆንም፣ ዕጩውን የሚሰይሙት በፓርቲው ጉባኤ የሚቀመጡ ልዑካን ናቸው፤ የልዑካኑን አከፋፈል የሚወስነውም በዋናነት ፓርቲው ነው። በእኛ ዘንድ ቅርቡ ምሳሌ እድር ይመስለኛል፦ ዳኛውን የሚመርጡት በመዝገብ የሰፈሩት አባላት ናቸው እንጂ ድንኳኑ ውስጥ የተገኘ ለቀስተኛ ሁሉ አይደለም። (ምሳሌው ግን ሩቅ አይሄድም፤ የቴክሳስ ዴሞክራቶች የግል ማኅበር ነን በሚል ጥቁሮችን ከቅድመ ምርጫቸው ማግለላቸውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 ሕገ ወጥ ብሎታል።)

የጓደኛዎ ጠንካራ ማስረጃ ወንድማቸው የሚኖሩበት ኒው ዮርክ ነው። በዚያ በፓርቲው ያልተመዘገበ ሰው በቅድመ ምርጫው አይሳተፍም፤ በ2016 ደግሞ ቀድሞ የተመዘገበ መራጭ ሚያዝያ 19 ቀን በሚደረገው ምርጫ ለመሳተፍ ፓርቲውን መለወጥ የነበረበት ከስድስት ወር በፊት፣ እስከ ጥቅምት 9 ቀን 2015 ነበር። ሳንደርስ ብዙ ደጋፊ የነበራቸው ከፓርቲ ውጪ ባሉት መራጮች ዘንድ ስለሆነ ይህ ጎድቷቸዋል። የዶናልድ ትራምፕ ሁለት ልጆችም በዚሁ ቀነ ገደብ ምክንያት ለአባታቸው ድምፅ መስጠት አልቻሉም። ሁለተኛው ማስረጃ ከ700 የሚበልጡት ሱፐር ደሌጌቶች ናቸው፤ እነዚህ የፓርቲው ሹማምንትና ተመራጮች ለፈለጉት ዕጩ ድምፅ መስጠት ይችሉ ስለነበር፣ አብዛኞቹም ገና ከጅምሩ ለክሊንተን መወገናቸውን ስለገለጹ ውድድሩ ሳይጀመር ያለቀ አስመስለውታል።

ነገር ግን ሱፐር ደሌጌቶቹን ብናወጣቸውም ክሊንተን 2,205፣ ሳንደርስ 1,846 በምርጫ የተገኙ ልዑካን ነበሯቸው። ሌሎቹ ደንቦች ደግሞ፣ ይህን ጓደኛዎ ደስ ብሏቸው የሚሰሙት አይመስለኝም፣ ሳንደርስን ጠቅመዋል። ዴሞክራቶች ቢያንስ 15 በመቶ ላገኘ ተወዳዳሪ ሁሉ ልዑካንን በድምፁ መጠን ስለሚያካፍሉ፣ ሳንደርስ በፍሎሪዳ ክፉኛ ተሸንፈው እንኳ 73 ልዑካን አግኝተዋል፤ በዚያው ቀን በዚያው ክፍለ ግዛት ትራምፕ ከግማሽ ባነሰ ድምፅ የሪፐብሊካኑን 99 ልዑካን ጠቅልለው ወስደዋል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደግሞ ሰው በየአዳራሹ ተሰብስቦ በሚመርጥበት ካውከስ ሳንደርስ 73 በመቶ አገኙ፤ ከሁለት ወር በኋላ እጅግ የሚበልጥ ሕዝብ በተሳተፈበት ተራ ድምፅ አሰጣጥ ያሸነፉት ክሊንተን ቢሆኑም፣ ልዑካኑ በካውከሱ ውጤት ተከፋፍለው ስለነበር ድሉ ለምንም አልሆናቸው።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ ቴክሳስ በ2008 ጥሩ ምሳሌ ናት። ክሊንተን በድምፅ ባራክ ኦባማን አሸነፉ፤ ሆኖም ከልዑካኑ አንዱ ክፍል የሚታደለው በዚያው ምሽት በተደረገው ካውከስ ስለነበር፣ የቀረውም ቀድሞ ብዙ የዴሞክራት ድምፅ ለሰጡ ወረዳዎች በሚያደላ ስሌት ስለተከፋፈለ፣ ኦባማ 99 ለ94 በልጠው ወጡ። ግራ የሚያጋባ ነው፤ ሆኖም ስሌቱን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ያውቁት ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ በጨዋታው መካከል የሚለወጥ ደንብ ነው። በዚያው ዓመት ሚሺጋንና ፍሎሪዳ ፓርቲው ከወሰነው ቀን ቀድመው በጥር ወር ምርጫ በማድረጋቸው ልዑካናቸውን በሙሉ ተነጠቁ። ኦባማ ከሚሺጋን የድምፅ መስጫ ወረቀት ስማቸውን አስወጡ፤ ክሊንተን አላስወጡም፣ አሸነፉም። ውድድሩ ሲጠብ ግን የክሊንተን ወገን ውጤቱ ይቆጠርልን አለ፤ ቅጣቱ ሲወሰን በድጋፍ ድምፅ ከሰጡት የፓርቲው ኮሚቴ አባላት አንዱ የራሳቸው የክሊንተን አማካሪ ነበሩ። ኮሚቴው ግንቦት 31 ቀን ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ልዑክ ግማሽ ድምፅ ሲፈቅድ፣ ከሚሺጋን 69 ልዑካንን ለክሊንተን፣ 59ኙን ደግሞ ስማቸው ወረቀቱ ላይ ላልነበረው ለኦባማ ሰጠ። በእኔ እይታ ጓደኛዎ ሊቆጡበት የሚገባው ይህ እንጂ የ2016ቱ አይደለም። የሱፐር ደሌጌቶቹን ነገር በተመለከተ ግን ፓርቲው ራሱ ቅሬታውን ተቀብሎ፣ አሸናፊው አስቀድሞ ካልተለየ በቀር በጉባኤው የመጀመሪያ ዙር እንዳይመርጡ በ2018 ወስኗል።

ጥያቄ፦ በዕጩዎች የቴሌቪዥን ክርክር ላይ ማን እንደሚቀርብ የሚወስነው ማን ነው?
አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እንደ ጊዜው ፓርቲው ወይም ጣቢያው ነው። ነሐሴ 6 ቀን 2015 በክሊቭላንድ በተደረገው የሪፐብሊካን ክርክር 17 ተወዳዳሪዎች ስለነበሩ፣ በሕዝብ አስተያየት ጥናት ቀዳሚ የሆኑት 10 በዋናው ሰዓት፣ የቀሩት 7 ቀደም ብለው ለብቻቸው ቀረቡ። ከሰባቱ መካከል የነበሩት ካርሊ ፊዮሪና በሚቀጥለው ወር ወደ ዋናው መድረክ የወጡት ሲኤንኤን መስፈርቱን ካሻሻለ በኋላ ነው። በ2020ም ዴሞክራቶች ከብዙ ሰው መዋጮ መሰብሰብን ግዴታ አድርገው ቆይተው በመካከል ሰረዙት፤ በራሳቸው ገንዘብ የሚወዳደሩት ባለጸጋው ማይክል ብሉምበርግም በዚህ በር ገብተው የካቲት 19 ቀን ላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ቆሙ። ተፎካካሪያቸው ኤልሳቤጥ ዋረን ያንን ምሽት በጥያቄ አፋጠጧቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ብሉምበርግ ከውድድሩ ወጡ።