ኤረሩን ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት የሌሎች ሰዎችን ሶርስ ኮድ (ፕሮግራመሩ የጻፈውን ጽሑፍ) ወስጄ በተለያዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ የሚጫን ፓኬጅ በማድረግ ነው። ብዙ ሰው ይህ ሥራ መኖሩን አያውቅም። ተጠቃሚው አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ይጫናል፣ በቃ። ያ ትእዛዝ እንዲሠራ ግን ኮዱን ማሽን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ከሚቀይረው ከኮምፓይለር ጋር ሲታገል ያነጋ ሰው አለ። አንዳንዶቻችሁ ወደዚህ ሥራ እየገባችሁ መሆኑን ሳይ ደስ ይለኛል። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለኝ። ኤረር ሲመጣባችሁ ምክንያቱን ሳታውቁ ዝም አታሰኙት።

ሲሰሙት ቀላል ነው። ሥራው ላይ ሲሆኑ ግን ይከብዳል።

እኔ የተማርኩበት ሥርዓት ፓኬጅሶርስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከፍሪቢኤስዲ የፓኬጅ ሥርዓት ከፖርትስ ተነሥቶ ኔትቢኤስዲ ለሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጀመረ ነው። ዛሬ ሊኑክስንና ማክን ጨምሮ በብዙ ሲስተሞች ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ ፓኬጅ አንዲት ትንሽ ፎልደር ናት። ውስጧ ሜክፋይል (የግንባታው መመሪያ)፣ አጭር መግለጫ፣ የሚጫኑት ፋይሎች ዝርዝር እና የቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) ፋይል አለ። ካስፈለገም ፓች፣ ማለትም ኮዱን የሚያስተካክል ትንሽ ፋይል፣ ይጨመራል። በየሦስት ወሩ አዲስ ቅርንጫፍ (ለተጠቃሚ የሚለቀቅ ቅጂ) ይወጣል። ከዚያ በፊት ፓኬጆቹ በየሲስተሙ በጅምላ ይገነባሉ፤ ጠዋት ላይ የወደቁት ዝርዝር ይጠብቃችኋል። ሥር ላይ ያለ አንድ ላይብረሪ ከወደቀ፣ እሱን ተማምነው የቆሙት መቶዎቹ ተከትለውት ይወድቃሉ። ቀኑ ደርሷል፣ ሰው ይጠይቃል፣ እናንተም ደክሟችኋል። እጅ ወደ አቋራጩ የሚሄደው ያኔ ነው። ቴስቱን መዝጋት፣ ዋርኒንጉን መደበቅ፣ ቼክሰሙን በአዲሱ መተካት። እያንዳንዱ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። የጽሑፍ ፋይሎችን የሚቀይር አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። በኢንቴል ማሽኖች ላይ ምንም ችግር የለበትም። አርም በሚባለው ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ግን ቴስቱ ይጀምራል፣ አይጨርስም። ማሽኑ ደካማ ስለሆነ ነው ብዬ በአርም ላይ ቴስቱን ዘጋሁት። ፓኬጁ ተገነባ፣ ወጣ። ከወራት በኋላ አንድ ተጠቃሚ ጻፈልኝ። ያ ፕሮግራም ሌሊት በራሱ ከሚነሡ ሥራዎቹ በአንዱ ውስጥ ገብቶ ሰርቨሩን ቀፍድዶ ይዞታል።

ኮዱን የከፈትኩት ያኔ ነው። ስህተቱ አንዲት ቃል ናት። ፕሮግራሙ ከፋይሉ አንድ አንድ ባይት ያነባል። ፋይሉ ሲያልቅ የሚያነበው ፈንክሽን -1 ይመልሳል። ጸሐፊው ያንን መልስ ሰፊ ቁጥር በሚይዘው ኢንት ውስጥ ማስቀመጥ ሲገባው አንድ ባይት ብቻ በሚይዘው ቻር ውስጥ አስቀምጦታል። በኢንቴል ሊኑክስ ላይ ቻር ኔጌቲቭ ቁጥርም ይይዛል፤ -1 እንዳለ ይቀመጣል፣ ፕሮግራሙም ይቆማል። በአርም ሊኑክስ ላይ ግን ቻር የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ነው። -1 የነበረው 255 ይሆናል። 255 ደግሞ መቼም ከ-1 ጋር እኩል አይሆንም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፋይሉ ማለቁን ሳያውቅ ያነባል፣ ያነባል። ይባስ ብሎ፣ ደህና ነው ባልነው ኢንቴል ላይም በፋይሉ መሃል 255 የሆነ ባይት ካጋጠመው እዚያው አቁሞ የቀረውን ይቆርጠዋል። ስህተቱ ሁሉም ማሽን ላይ ነበር፤ ጮክ ብሎ የነገረን አርሙ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አፉን ያዝኩት። ያ ተጠቃሚ ያጣው እንቅልፍ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለነገሩ ሎግ (የግንባታውን መዝገብ) ስታነቡ ከመጨረሻው መስመር አትጀምሩ። ግንባታው ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ስለሚያስኬድ፣ መጨረሻ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አይደለም። ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን ኤረር ፈልጉ። ካልገባችሁ በአንድ ሥራ ብቻ እንደገና ገንቡት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

ኮምፓይለር አዲስ ቨርዥን ሲያወጣም ፈተናው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14 የሚባለው ኮምፓይለር፣ ቀድሞ ሳይታወጅ የተጠራን ፈንክሽን እንደ ዋርኒንግ ማለፉን ትቶ ኤረር አደረገው። ብዙ አሮጌ ፓኬጆች በአንድ ጊዜ ወደቁ። ኤረሩን ወደ ዋርኒንግ የሚመልስ አማራጭ አለ፤ ብዙ ሰውም ቶሎ ብሎ ወደሱ ሄደ። ነገር ግን ኮምፓይለሩ ያልታወጀውን ፈንክሽን ኢንት ይመልሳል ብሎ ነው የሚገምተው። ፈንክሽኑ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሚመልስ ከሆነ፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ የፖይንተሩ ግማሽ ሊቆረጥ ይችላል። ማስተካከያው ብዙ ጊዜ ፈንክሽኑ የታወጀበትን አንድ ሄደር ፋይል መጨመር ብቻ ነው። ለዚያች አንድ መስመር ብላችሁ የሰው ፕሮግራም እንዲሞት አትተዉ።

አሁን ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። ሁለቱም ውስጥ ቫልግሪንድ የሚባለው የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ አለ።

የመጀመሪያው ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቫልግሪንድ ኦፐንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ላይብረሪ ላይ ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ ይነበባል እያለ ያስቸግር ነበር። የፓኬጁ ጠባቂ ወደ ኦፐንኤስኤስኤል ሰዎች ጻፈ፣ የሚያበረታታ የሚመስል መልስ አገኘ፣ ሁለት መስመር አወጣ። ቫልግሪንድ ዝም አለ። ከሁለቱ አንዷ ግን የዘፈቀደ ቁጥሩ ምንጭ የሚገባባት በር ነበረች። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሲፈጠር ልዩነት የሚያመጣው ሲስተሙ ለሚሮጠው ፕሮግራም የሚሰጠው የፕሮሰስ ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ። ያ ቁጥር ቢበዛ 32,768 ነው። ለየአንዱ የቁልፍ ዓይነትና መጠን የሚገኙት ቁልፎች ተቆጥረው የሚያልቁ ሆኑ። ይህ የታወቀው በሜይ 2008 ነው። በዴቢያንና ከእሱ በወጡት እንደ ኡቡንቱ ባሉት ላይ በዚያ መሃል የተፈጠሩ ቁልፎች መቀየር ነበረባቸው። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ጠይቋል። እኔ የምማረው ስትጠይቁ ሙሉውን ፓች አሳዩ የሚለውን ነው። የምትቆርጡት መስመር ከየት እንደሆነ የኮዱ ባለቤት በዐይኑ ይየው።

ሁለተኛው ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል ማመቂያ ታሪክ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፕሮግራመር በማርች 2024 ከሩቅ ወደ ማሽን የሚገባበት የኤስኤስኤች ሎግኢን ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አየ። ግማሽ ሰከንድ! ብዙዎቻችን ጆሮ ዳባ ልበስ እንለው ነበር። እሱ ግን ከሳምንታት በፊት ቫልግሪንድ ያሰማውን አንድ እንግዳ ቅሬታም አስታወሰ። ክሩን ሲከተል በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። የበሩ መክፈቻ የነበረው በሚታየው የጊት ማከማቻ ኮድ ውስጥ ሳይሆን ለእኛ በሚሰጠው ታርቦል (የታሸገ የኮድ ፋይል) ውስጥ ነው። ስክሪፕቱም የሚሠራው የዴቢያን ወይም የአርፒኤም ፓኬጅ እየተገነባ መሆኑን ሲያይ ነው። የታለመው በእኛ በኩል ለማለፍ ነበር ማለት ነው።

ቼክሰም ያንን አያስቆመውም ነበር። ቼክሰም የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ፋይል መጀመሪያ የወሰዳችሁት ያው ፋይል ነው። ቢሆንም አለመስማማቱ ትልቅ ወሬ ነውና አትናቁት። አንዳንዴ መልሱ ምንም አይደለም። በጃንዋሪ 2023 የኮድ ማከማቻው ጊትሃብ በራሱ የሚያዘጋጃቸው የታመቁ ፋይሎች ቼክሰም በድንገት ተቀየረ፤ የተቀየረው የማመቂያው መንገድ ነበር፣ ውስጡ ያው ነው። ኋላም ወደ ቀድሞው መለሱት። ይህን ግን ያወቅነው አሮጌውንና አዲሱን ፈትተን ጎን ለጎን ስላስተያየን ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አድርጉ። አሮጌውን ፋይል ለዚሁ ብላችሁ አስቀምጡ።

ምክንያቱን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ጻፉት። በፓኬጅሶርስ ውስጥ እያንዳንዱ ፓች አናቱ ላይ ማስታወሻ እንዲኖረው ይጠበቃል፤ ከሌለው ፓኬጅሊንት የሚባለው መመርመሪያ ያስጠነቅቃል። ብዙ ጀማሪ ለማሟላት ያህል "ግንባታውን ያስተካክላል" ብሎ ያልፋል። ይህ ማስታወሻ አይደለም። በየትኛው ሲስተም፣ በየትኛው ኮምፓይለር፣ ምን ሲሆን እንደወደቀ ጻፉ። ከዚያም ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ላኩት። የማይመልሱ አሉ፣ የሚቆጡም አሉ፣ ግድ የለም። ያልላካችሁትን ፓች በየቨርዥኑ እንደገና ማስተካከል የእናንተ ዕዳ ይሆናል።

በቅርቡ አንድ አሮጌ ፓች አገኘሁ። አናቱ ላይ ሦስት መስመር አለ፦ ለምን እንዳስፈለገ፣ ያለ እሱ የት እንደሚወድቅ፣ ለባለቤቶቹ መቼ እንደተላከ። የጻፈውን ሰው አላውቀውም፤ ሥራውን ከተወ ዓመታት ሆኖታል። አዲሱን ቨርዥን ከፍቼ ሳይ ማስተካከያው ገብቷል። ፓቹን ሰረዝኩት፣ ባሉኝ ማሽኖች ሁሉ ላይ እንደገና ገነባሁ። በሁሉም ተገነባ።