ባዶ ያደረችውን ሌሊት ጻፏት

የተምች ወጥመድ መዝገብ የምትይዙ ልጆቼ፣

በሰሜን ሸዋ፣ በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ገበሬዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር ነበር፦ ተምች ከዝናብ ጋር ከሰማይ ይወርዳል። እኔም ከትምህርት ቤት ትኩስ የወጣሁ ነበርኩና ከእንቁላል እስከ እሳት እራት ያለውን ደረጃ በጠመኔ እየሣልሁ አስተባብላቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት ሰሙኝ እንጂ አላመኑኝም።

አለማመናቸው ልክ ነበር። ተምችን የምትወልደው የእሳት እራት በሌሊት ከነፋስ ጋር ትጓዛለች። ከዝናብ ደመና ሥር የሚወጣው ነፋስ ከሌላ አቅጣጫ ከሚመጣው ጋር ሲጋጠም፣ በሰማይ ተበታትነው የነበሩት እራቶች አንድ ቦታ ላይ ይከማቻሉ፤ ወርደው እዚያው እንቁላል ይጥላሉ። ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት አልፎ አባጨጓሬው በጤፉና በማሽላው ላይ ሲርመሰመስ፣ ገበሬው የሚያስታውሰው ያንን ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የእነዚህን እራቶች የሌሊት በረራ በራዳር የተከታተሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። እኔ ይህን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስጨርስ ያፈርኩት ብቻዬን ተቀምጬ ነበር።

ራዳር ነፍሳትን የሚያየው በሰውነታቸው ውስጥ ባለው ውሃ ምክንያት ነው፤ ውሃው ራዳሩ የሚልከውን የሬዲዮ ሞገድ መልሶ ያንጸባርቃል። ለዚሁ ጥናት ተብሎ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ራዳር እ.ኤ.አ. በ1968 ኒጀር ውስጥ ሲሠራ የመራው ግሌን ሼፈር የተባለ ሳይንቲስት ነበር፤ የሚፈለገውም አንበጣ ነበር። ኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያይ ራዳር መጣ። ይህኛው የነፍሳቱን መጠን፣ የክንፋቸውን ምትና የሚሄዱበትን አቅጣጫ ይለያል። በደቡብ እንግሊዝ ትልልቆቹ በዚህ ራዳር፣ ትናንሾቹ ደግሞ በአየር ላይ በተሰቀለ መረብ ሲቆጠሩ በዓመት 3.5 ትሪሊዮን ገደማ ነፍሳት፣ በክብደት 3,200 ቶን፣ በሰማዩ ያልፋሉ ተባለ።

ታዲያ ራዳሩ ያየው ተምች ይሁን ሌላ እራት በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ለዚያ ወጥመድ ያስፈልጋል፤ ወጥመዱ ጋ ጠዋት ጠዋት የሚሄድ ሰውም ያስፈልጋል።

የአየር ጠባይ ሞዴሉ፣ ማለትም ነፋሱን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ደግሞ ነፋሱን ወደ ኋላ መልሶ ያስኬድላችኋል፦ ትናንት ሌሊት ሸዋ ሮቢት ላይ ያረፈችው እራት ማታ ከየት ተነሥታ ሊሆን ይችላል? ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ላለፉ ዓመታት ነፋስ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ዓለም አቀፍ መረጃ ምድርን በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳጥኖች የከፈለ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 በታች። በመካከላቸው ያለው የጣርማበር ገደል በዚያ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ለስላሳ ዳገት ይሆናል። በሌሊት ከገደሉ ወደ ቆላ የሚንሸራተተውን ቀዝቃዛ ነፋስ፣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ የማውቀውን፣ ኮምፒውተሩ በቅጡ አያውቀውም። ስለዚህ በካርታው ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረውን መንገድ ስታዩ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ተጠራጠሩ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በሌሊት እራቶችን በአምፖል ብርሃን እየሳበ የሚይዝ የብርሃን ወጥመድ ነበረኝ፤ መዝገብም ነበረኝ። እራት የተያዘበትን ቀን ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ያልተያዘበትን ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ ምን ይጻፋል ብዬ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ተመራማሪ መዝገቤን ከነፋሱ መረጃ ጋር ሊያስተያይ ወሰደው፤ ተመልሶም «ጋሼ፣ ይህ ባዶ መስመር እራት አልነበረም ማለት ነው ወይስ እርስዎ አልሄዱም ማለት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዳንዱን ቀን ታምሜ ነበር፤ አንዳንዱን አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር፤ አንዳንዱን በእውነት ምንም አልነበረም። ሞዴሉ ትክክል መሆኑን የምትፈትኑት እራት ይመጣል ባለበት ሌሊት ብቻ አይደለም፤ አይመጣም ባለበትም ነው። ያንን ግማሽ እኔ አጠፋሁት።

እናንተ ምንም ካላገኛችሁ 0 ብላችሁ ጻፉ። አምፖሉ ጠፍቶ ከነበረ «መብራት አልነበረም» በሉ። ጨረቃ ሙሉ ከሆነችም ጻፉት፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት ወጥመዱ ጥቂት ይይዛልና ሰማዩ ባዶ ነበር እንዳትሉ።

ያ ልጅ ባዶዎቹን መስመሮች በማስታወስ እንሙላቸው ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። መዝገቡ ደብረ ብርሃን ቤቴ አለ፤ መስመሮቹም እንደነበሩ ባዶ ናቸው።