ስለ ዜሮክስ አልቶ ኮምፒውተር፦ ጥያቄና መልስ

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አልቶ ለገበያ የቀረበ ኮምፒውተር ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተሠራ ሲሆን፣ የንድፉ ዋና መሐንዲስ ቻክ ታከር ነበር። ከዚያ በኋላ የተመረቱትም በአብዛኛው በኩባንያው ቢሮዎችና በዩኒቨርሲቲዎች አገልግለዋል።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ለምን ወደ ላይ የረዘመ ሆነ?

መልስ፦ ዜሮክስ የኮፒ ማሽን ኩባንያ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ አንድ ሙሉ የወረቀት ገጽ በስክሪን ላይ ማየት ፈልገው ነበር። ስክሪኑ በአግድም 606፣ በቁመት 808 ነጥቦች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ነጥብ በሜሞሪ ውስጥ አንድ ቢት (0 ወይም 1 የሚሆን ትንሹ የመረጃ መለኪያ) ስለሚይዝ፣ ሙሉው ምስል ወደ 60 ኪሎባይት ይፈልጋል። የማሽኑ ጠቅላላ ሜሞሪ ደግሞ 128 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር፣ ግማሽ ያህሉ ገና ምንም ሥራ ሳይጀመር ለስክሪኑ ይውል ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ ምስሉን ሳያቋርጥ የሚያድሰው ያው ፕሮሰሰር በመሆኑ፣ ከባድ ስሌት ያለበት ፕሮግራም ስክሪኑን ሲያጠፋ ሥራው ይፈጥን ነበር። በእኔ አስተያየት የአልቶ ድፍረት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሜሞሪ እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን ግማሹን ለዓይን መስጠት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ብራቮ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የፊደሉን ዓይነትና መጠን ሊታተም ባለበት መልክ ማሳየት የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ማውስ የተፈለሰፈው በአልቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የአሜሪካዊው መሐንዲስ የዳግላስ ኤንግልባርት ሥራ ነው። እሱም በ1968 ለሕዝብ አሳይቶታል።

ጥያቄ፦ ፎልደርና አይከን ያለበት ዴስክቶፕስ?

መልስ፦ ይህም ብዙ ጊዜ ይምታታል። በአልቶ ላይ ይሠራ የነበረው ስሞልቶክ የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ሥርዓት ተደራራቢ መስኮቶች ነበሩት፤ የጠረጴዛ መልክ ያለው፣ ሰነዶችና ፎልደሮች በሥዕል የሚታዩበት ስክሪን ግን ለሽያጭ የቀረበው በ1981 ዜሮክስ ስታር ከተባለው ኮምፒውተር ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዜሮክስ ይህን ሁሉ ይዞ እንዴት ሳይጠቀም ቀረ?

መልስ፦ ጨርሶ አልተጠቀመም ማለት አይቻልም፤ በዚያው ማዕከል ያደገው የሌዘር ፕሪንተር ብዙ ገንዘብ አስገብቶለታል። ስታር ግን ለአንዱ ወደ 16,000 ዶላር የሚጠየቅበት ከመሆኑም በላይ፣ በሚገባ እንዲያገለግል ኔትወርክ፣ የፋይል ሰርቨርና ፕሪንተር አብረው መገዛት ነበረባቸው። በዚያው ዓመት የወጣው የአይቢኤም ፒሲ መነሻ ዋጋ 1,565 ዶላር ነበር።