የካርቦን ክሬዲት ስንገዛ በሕግ ፊት የያዝነው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ምርቶቹን በተለያዩ አገሮች የሚሸጥ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። አንድ አገናኝ ድርጅት 5,000 ቶን የካርቦን ክሬዲት ሊሸጥልን የውል ረቂቅና የምስክር ወረቀት ናሙና ልኮልናል። ክሬዲቶቹ ገና ከሚተከል ደን የሚገኙ ሲሆኑ የዋጋው ግማሽ በቅድሚያ ይከፈላል። የምንገዛው ነገር በሕግ ንብረት ነው ወይ? ከገዛን በኋላ በማሸጊያችን ላይ «ከካርቦን ነፃ» ብለን መጻፍ እንችላለን? ደኑ ቢቃጠል ወይም ፕሮጀክቱ የማይረባ ሆኖ ቢገኝስ ማንን እንጠይቃለን?

መልስ፦ የላኩትን ረቂቅና ናሙና አንብቤአለሁ፤ አስቀድሜ ከናሙናው የጎደለውን ላመልክት። ወረቀቱ የደን ፎቶግራፍ፣ የድርጅትዎን ስም፣ የቶኑን መጠንና ባለወርቅ ቀለም ማኅተም ይዟል። የመለያ ቁጥር ግን የለውም፤ ክሬዲቱ በየትኛው መዝገብ እንደሰፈረም ሆነ የልቀት ቅነሳው በየትኛው ዓመት እንደተገኘ አይናገርም። እነዚህ በሌሉበት የሚረከቡት የሻጩን ቃል እንጂ ክሬዲት አይደለም።

የካርቦን ንግድ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ሕግ ያስገድዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደተጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ንግድ ሥርዓት ሁሉ፣ መንግሥታት ለልቀት ጣሪያ ያበጁና በሥርዓቱ የታቀፉ ኩባንያዎች ለሚለቁት ለእያንዳንዱ ቶን ፈቃድ እንዲያስረክቡ፣ ካላስረከቡም እንዲቀጡ ያደርጋሉ። የእርስዎ ጉዳይ የሚወድቀው በሁለተኛው፣ በፈቃደኝነት ላይ በተመሠረተው ገበያ ነው። እዚህ ማንም ግዙ አይልዎትም፤ ገዢው የሚገዛው ልቀቱን አካክሻለሁ ለማለት ነው። አንድ ክሬዲት የአንድ ሜትሪክ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወይም ተመጣጣኝ መጠን ያለው የሌላ ሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት መቀነሱን፣ መቅረቱን ወይም ጋዙ ከአየር መወገዱን ይወክላል።

ክሬዲቱን የሚያወጡት በአብዛኛው እንደ ቬራና ጎልድ ስታንዳርድ ያሉ መንግሥታዊ ያልሆኑ ተቋማት ናቸው። የፕሮጀክቱ ባለቤት በተቋሙ የስሌት ዘዴ መሠረት ሰነድ ያዘጋጃል፤ ገለልተኛ መርማሪ ድርጅት ሰነዱን ያጣራል፤ ሥራው ከተከናወነና ውጤቱ ከተለካ በኋላ መርማሪው ልኬቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ተቋሙ እያንዳንዱን ቶን በመለያ ቁጥር በኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ላይ የሚያወጣው። ክሬዲቱ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሊሸጥ ይችላል። በመጨረሻ ግን ማካካሻ አድርጎ የሚጠቀምበት ሰው ከዝውውር ማስወጣት አለበት፤ በር ላይ እንደተቀደደ ትኬት ዳግም ለማንም አያገለግልም። ረቂቅዎ ስለዚህ የመጨረሻ እርምጃ አንድም ቃል የለውም። ከዝውውር ያልወጣ ክሬዲት ነገ ለሌላ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ተካክሷል የሚሉት ልቀት አልተካካሰም ማለት ነው።

ወደ ውሉ ከመመለሴ በፊት «ቶን» የሚለው መለኪያ የተሠራበትን መንገድ ማየት ይገባል፤ የዚህ ገበያ ክርክሮች አብዛኞቹ የሚነሡት ከዚያ ነውና። የሚሸጠው መጠን የሁለት ነገሮች ልዩነት ነው፦ ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ይለቀቅ የነበረው ጋዝ፣ ፕሮጀክቱ እያለ ከተለቀቀው ጋር ሲነጻጸር። ሁለተኛውን መለካት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ግን ያልሆነ ነገር ነውና ምስክር የለውም፣ ይገመታል እንጂ። ግምቱን ከፍ የሚያደርግ ብዙ ክሬዲት ያገኛል፤ ገንዘቡ ባይመጣም ሥራው ይካሄድ ከነበረ ደግሞ ክሬዲቱ ከነአካቴው ባዶ ነው። ይህ የበለጸጉ አገሮች ልቀታቸውን እንዲቀንሱ ባስገደደው የኪዮቶ ፕሮቶኮል ሥር፣ በታዳጊ አገሮች ለሚካሄዱ ፕሮጀክቶች ክሬዲት ይሰጥ በነበረው የንጹሕ ልማት አሠራር በግልጽ ታይቷል። ኤችኤፍሲ-23 የተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ምርት ተረፈ ምርት በአሠራሩ ስሌት የካርቦን ዳይኦክሳይድን 11,700 እጥፍ ያሞቃል ተብሎ ስለሚቆጠር፣ እርሱን ማቃጠል ለፋብሪካዎች ከፍተኛ ገቢ አስገኘ፤ አንዳንዶቹም ክሬዲት ለማግኘት ሲሉ ተረፈ ምርቱን እንዳበዙት ተመራማሪዎች አመለከቱ። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ክሬዲቶች ከገበያው ያገደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በፈቃደኝነት ገበያውም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ የመረመሯቸው የተሻሻለ ምድጃ ፕሮጀክቶች ሊያገኙ ከሚገባቸው ወደ 9 እጥፍ የሚጠጋ ክሬዲት እንደወሰዱ ገምተዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ባለሥልጣናት የምድጃ ፕሮጀክቶችን መረጃ አጭበርብረዋል ባሏቸው የአንድ አልሚ ድርጅት የቀድሞ ኃላፊዎች ላይ ክስ መሥርተዋል።

ስለዚህ በመዝገብ ላይ የሰፈረ ክሬዲት እንኳ የጥራት ዋስትና አይደለም። በፈቃደኝነት የካርቦን ገበያ ላይ የተአማኒነት መመዘኛ የሚያወጣው የገበያው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ዋና ዋና መርሆዎቹን ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ የስሌት ዘዴዎችን እየመረመረ የሚያልፉትን ይለያል። ሻጭዎ የሚጠቀምበት ዘዴ ካለፉት አንዱ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ የማይመልስ ከሆነ ዝምታው ራሱ መልስ ነው።

አሁን ወደ ንብረትነቱ ልምጣ። የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 አርምስትሮንግ እና ዊኒንግተን የተባሉ ኩባንያዎች በተከራከሩበት ጉዳይ፣ በኢንተርኔት ማጭበርበር ከአንድ ኩባንያ ሂሳብ የተወሰዱ 21,000 የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ፈቃዶችን በእጅ የማይዳሰስ ንብረት ናቸው ብሎ ወስኗል። ገዢው ሻጩ ባለመብት ላይሆን እንደሚችል እየጠረጠረ ሳያጣራ በመግዛቱም ኃላፊ ሆኗል። ፍርዱ የተሰጠው በሕግ በተቋቋሙ ፈቃዶች ላይ ስለሆነ በግል ተቋም ደንብ በሚወጣ ክሬዲት ላይ በቀጥታ ይሠራል ለማለት አይቻልም፤ የየአገሩ ሕግም በዚህ ላይ አንድ አይደለም። ሕጉ ባልጠራበት ቦታ ውሉ መጥራት አለበት። ሻጩ የክሬዲቱ ብቸኛ ባለቤት መሆኑን፣ ክሬዲቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ ለሌላ ሰው እንዳልተሸጠና ቀድሞ ለማካካሻ እንዳልዋለ የሚያረጋግጥ አንቀጽ ያስገቡ። ርክክብ የሚባለውም የምስክር ወረቀት መላክ ሳይሆን፣ ክሬዲቱ በመዝገቡ ላይ ወደ ሂሳብዎ መግባቱ ወይም ሂሳብ ከሌለዎት በድርጅትዎ ስም ከዝውውር መውጣቱ እንደሆነ ይጻፍ። አብዛኞቹ መዝገቦች ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ የመለያ ቁጥሩን ይዘው ራስዎ ማየት ይችላሉ።

እንደኔ ግምት ትልቁ አደጋ ያለው ከውሉ ይልቅ በማሸጊያው ላይ ነው። ሻጩ ቢያታልልዎ የሚያጡት የከፈሉትን ነው፤ እርስዎ ሸማቹን ካሳሳቱ ግን ክሱ በእርስዎ ላይ ይመጣል፤ በቅን ልቦና ገዝቻለሁ ማለቱም እምብዛም አያድንም። የአምስተርዳም አውራጃ ፍርድ ቤት በማርች 2024 በኬኤልኤም አየር መንገድ ላይ በሰጠው ውሳኔ ከመረመራቸው 19 የማስታወቂያ አባባሎች 15ቱን አሳሳች ወይም ሕገ ወጥ ብሏቸዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ መንገደኛው ለደን ተከላ በመክፈል የበረራውን ጉዳት እንደሚቀንስ የሚያስመስሉ ይገኙባቸዋል። የጀርመን ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በጁን 2024 በአንድ የጣፋጭ አምራች ማስታወቂያ ጉዳይ፣ የአየር ንብረት ገለልተኝነት የሚለው አገላለጽ ልቀት መቀነስንም ማካካስንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ የትኛው እንደሆነ እዚያው ማስታወቂያው ላይ መብራራት አለበት ብሏል፤ አንባቢውን ወደ ድረ ገጽ መምራት አይበቃም።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። መመሪያ ቁጥር 2024/825 አንድ ምርት በማካካሻ ምክንያት በሙቀት አማቂ ጋዝ ረገድ ገለልተኛ፣ የቀነሰ ወይም በጎ ተጽዕኖ አለው ብሎ ለሸማች መናገርን ከሚከለከሉ የንግድ ተግባራት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ተፈጻሚ የሚሆነውም ከሴፕቴምበር 27፣ 2026 ጀምሮ ነው። ክልከላው የክሬዲቱን ጥራት አይጠይቅም፤ እጅግ የተመሰገነ ክሬዲት ቢገዙም አባባሉ የተከለከለ ነው። ካሊፎርኒያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው ሕግ፣ በግዛቷ እንዲህ ያለ አባባል የሚጠቀሙና ክሬዲት የሚገዙ ድርጅቶች የፕሮጀክቱን ስም፣ መለያ ቁጥርና ዓይነት በድረ ገጻቸው እንዲገልጹ ያስገድዳል።

ስለዚህ «ከካርቦን ነፃ» የሚለውን በማሸጊያው ላይ እንዳይጽፉ እመክራለሁ። ድርጅትዎ በዚህ ዓመት ይህን ያህል ልቀት እንደነበረው፣ ይህን ያህል እንደቀነሰ፣ ከዚህ በተጨማሪም ይህን ፕሮጀክት በዚህ መጠን እንደደገፈ በዓመታዊ ሪፖርቱ መግለጽ ግን፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ መመሪያው አይከለክለውም። ለሽያጭ ክፍልዎ ይህ እንደማይጣፍጥ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በፍርድ ቤት የሚቆመው እርሱ ነው።

ደኑ ቢቃጠልስ ላሉት፣ የዛፍ ካርቦን ተመልሶ አየር ላይ ሊወጣ ስለሚችል መዝገቦቹ ከደን ፕሮጀክቶች ክሬዲት የተወሰነውን ወደ ጋራ መጠባበቂያ ቋት እያስገቡ፣ ኪሳራ ሲደርስ ከቋቱ ይሰርዛሉ። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ለወጡ ክሬዲቶች ብቻ ነው። እርስዎ የሚገዙት ገና ያልበቀለ ዛፍ የሚያስገኘውን ስለሆነ ቋቱ አይደርስልዎትም። ረቂቁ ደግሞ በአንቀጽ 4 ሻጩ ክሬዲቶቹ እንዲገኙ «ተገቢውን ጥረት ያደርጋል» ይላል፤ በአንቀጽ 9 እሳትንና ድርቅን ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት አድርጎ ቆጥሮ ቅድመ ክፍያው እንደማይመለስ ይደነግጋል። እሳትና ድርቅ የደን ሥራ የታወቁ አደጋዎች እንጂ ማንም ያልጠበቃቸው አይደሉም፤ ሁለቱን አንቀጾች አገናኝቶ የሚያነብ ሰው ሻጩ ምንም ሳያስረክብ የዋጋውን ግማሽ ይዞ መቅረት እንደሚችል ያያል።

ስምምነቱን ከፈለጉት የማስረከቢያ ቀን ይቆረጥ፤ በቀኑ ያልተረከበው መጠን በተመሳሳይ ጥራት ክሬዲት እንዲተካ ወይም ገንዘቡ ከነወለዱ እንዲመለስ ይጻፍ፤ ቅድመ ክፍያውም በሦስተኛ ወገን እጅ በአደራ ይቀመጥ እንጂ በቀጥታ ለሻጩ አይግባ። ፕሮጀክቱ ያለበት አገር፣ አገሮች የልቀት ቅነሳን እርስ በርስ እንዲያስተላልፉ በሚፈቅደው የፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት አንቀጽ 6 መሠረት ቅነሳውን ለሌላ አገር አስተላልፎ እንደሆነ፣ የተላለፈውን ቶን ከአገሩ የቅነሳ ሒሳብ ማን እንደሚያወጣም ያስገልጹ፤ አንድ ቶን ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር የሚከላከለው ይህ ነው። ከመዝገቡም ሆነ ከመርማሪው ጋር የውል ግንኙነት ስለሌለዎት፣ ስሕተት ቢገኝ በቅድሚያ የሚጠይቁት ሻጩን ነው። ስለዚህ የሻጩ የሒሳብ አቋም፣ ክርክር ቢነሣ የሚዳኘው ሕግና የክርክሩ ቦታ ሊዘነጉ አይገባም። ረቂቁ ስለ ሦስቱም ዝም ብሏል።

እስካሁን ካልፈረሙና ካልከፈሉ፣ እነዚህን ማሻሻያዎች በጽሑፍ ለአገናኙ ልከው መልሱን እስኪያገኙ ምንም ክፍያ አይፈጽሙ። የወጡ ክሬዲቶች በገበያው ላይ ስላሉ፣ ሻጩ አንቀጽ 9ን ለማንሣት ካልፈቀደ ለሌላ ሻጭ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ።